ሄልሜቱ አንድ ነበር

 

የዛሬውን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ባለታሪኩን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። ስሙንና ሰፈሩን እንዳልጠቅስ፣ ታሪኩን ግን እንድናገር ፈቀደልኝ። «ሌላ ሰው ከተማረበት ጻፈው፤ ምናልባት ለእሱም ሶደቃ ይሆንለታል» አለኝ። «እሱ» ያለው የሞተውን ጓደኛውን ነው።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው ሊማሊሞን ያውቀዋል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ላቡን ይጠርጋል። መንገዱ በዚያች መሐል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። የድሮው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ ከገደሉ ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በአንድ በኩል ዐለት፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር። ኩርባው ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣውን የሚነግርህ ዐይንህ ሳይሆን ጆሮህ ነው።

ይህ ወጣት በሞተር ሳይክል ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር ነው። አንድ ቀን ጓደኛውን ከኋላ አፈናጥጦ ወደ ዛሪማ ሲወርድ፣ አንድ የታጠፈ ኩርባ ላይ የግራውን መስመር ይዞ ገባ። ከታች የሚወጣ አይሱዙ ነበር። ሲያየው ደነገጠ፤ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ያዘ። ጎማው ጠጠር ላይ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ተኛ። እሱ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ጓደኛው ጭንቅላቱን ዐለት መታው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከወራት በኋላ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቆ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ኡስታዝ፣ ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ይለኛል። እናቱም እንደዚያ አሉኝ፤ አቅፈው አለቀሱልኝ። እኔ ግን ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ሄልሜቱ አንድ ነበር። ያደረግኩት እኔ ነኝ። አሁን ንገረኝ፤ ነፍሰ ገዳይ ነኝ? ሁለት ወር መጾም አለብኝ የሚሉም አሉ። ቀኑ ከሆነ የምጾመው ለምንድን ነው? ቀኑ ካልሆነስ እናቱ ለምን አቀፉኝ?»

ውድ አንባቢያን፣ ወላሂ እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት አፌ ላይ የመጣው የለመድነው መልስ ነው። «አብሽር ወንድሜ፣ የአላህ ቀደር ነው» አልኩት። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ግን ፊቱን ሳየው ጥያቄውን እንዳልመለስኩለት ገባኝ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሕመሙን ሳይነካለት ማስታገሻ ተሰጥቶት እንደሚመለስ ሰው ሆኖ ተነሣ። «ሳምንት ተመለስ» አልኩት። ያን ሳምንት ኪታብ ሳገላብጥ፣ ዑለማ ስጠይቅና ራሴን ስመረምር ቆየሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያገኘሁትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ኩርባው

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ለማለት በእጁ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ ስለ ሞተር እንነጋገር።

ሞተር ሳይክል እንደ መኪና መሪ በማዞር ብቻ አይታጠፍም፤ ተዘንብሎ ነው የሚታጠፈው። ፍጥነት ላይ እያለህ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ለስለስ አድርገህ ወደ ፊት ትገፋዋለህ፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከዚያ ይታጠፋል። ለጀማሪ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ብዙ አሽከርካሪ ግን ሳያውቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ምን ያህል ማዘንበል እንዳለበት የሚወስኑት ፍጥነቱና የኩርባው ስፋት ናቸው። ከመሐሉ እስከ መንገዱ 20 ሜትር በሆነ ጠባብ ኩርባ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 20 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል አለበት። በ40 ሲሄድ ወደ 32 ዲግሪ ይደርሳል። በ60 ደግሞ ወደ 55 ዲግሪ፤ ይህ ለተራ ጎማና ለተራ ሰው የማይሞከር ነው። ምክንያቱም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ጠጠር ያለበት መንገድ ላይ ደግሞ ጎማ መሬቱን የመያዝ አቅሙ በደረቅ አስፋልት ላይ ካለው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ በዚያው ኩርባ 30 ራሱ ጠርዝ ላይ ነው።

ጎማው መሬቱን የሚይዝበት አቅም እንደ አንድ እንጀራ ነው። መታጠፍም የሚበላው ከእሱ ነው፤ ፍሬንም የሚበላው ከእሱ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን እንጀራውን ብቻውን ይበላል፤ ችግር የለም። ኩርባው መሐል ተዘንብለህ ሳለህ ፍሬን አጥብቀህ ከያዝክ ግን ለመታጠፊያው የሚተርፍ የለም። ጎማው ይለቃል። ስለዚህ የልምድ ባለቤቶች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ የሚቀር ሥራ ጥቂት ነው፤ መስመርህን መጠበቅ፣ ነዳጁን ሳይቆራረጥ በስሱ መያዝ፣ ራስህን አዙረህ ወደምትሄድበት መመልከት።

የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። ሰው ሲደነግጥ የሚፈራውን ነገር ያፈጥበታል። ገደሉን ያፈጠጠ ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ መኪናውን ያፈጠጠ ወደ መኪናው። እጅ ዐይንን ይከተላልና።

ሌላም አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለቱን በፎሌ የሚወርዱ አሉ። ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ራሱ የሚሰጠው መያዣ ይጠፋል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን በምትፈልገው ሰዓት ይከዳሃል።

እንግዲህ የወጣቱን ጉዳይ በዚህ መዝኑት። የማይታይ ኩርባ ላይ የሌላውን መስመር ይዞ ገብቷል። ፍጥነቱን አስቀድሞ አልቀነሰም። ጠጠር ላይ፣ ተዘንብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዘ። ለሁለት ሰው አንድ ሄልሜት ይዞ ወጣ። የመጨረሻው ድንጋጤ በእጁ አልነበረም፤ ሰው ነውና። የቀሩት ግን በእጁ ነበሩ።

«ቀኑ ነው» የሚለው ማን ነው? ለማንስ?

ሁላችንም በቀደር እናምናለን። አጀል ከተጻፈበት ሰዓት አይቀድምም፤ አይዘገይም። ታዲያ ይህ እምነት የወጣቱን ጥያቄ ይዘጋዋል?

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በሂጅራ 18ኛው ዓመት አካባቢ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ተማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመር የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሆነ መለሱ፤ ምሳሌም አከሉበት። ግመሎች ይዞ ሁለት ዳር ያለው ሸለቆ የወረደ ሰው፣ አንዱ ዳር ለምለም ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው ያሰማራው። አስተዋይ እረኛ ግን ለምለሙን ይመርጣል።

ሊማሊሞም ሁለት ዳር አለው። ቀኙን ይዞ የወረደም በቀደር ነው፤ ግራውን ይዞ የወረደም በቀደር ነው። ቀደር የትኛውን እንደምትይዝ ከመምረጥ አያሳርፍህም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቃቸውን ሰው አስረህ ተመካ እንዳሉት ቲርሚዚ የዘገቡትን ሁላችንም እንሰማለን። ሄልሜት የማሰሪያው ገመድ ነው። የተበላ ጎማን መቀየር የማሰሪያው ገመድ ነው።

ዑለማዎች በዚህ ላይ የሚያስቀምጡት መርህ አለ። ቀደር ለደረሰብን መከራ መጽናኛ ይሆናል፤ ለሠራነው ጥፋት ግን መከላከያ አይሆንም። መርሁ ግልጽ ነው። አስቸጋሪው ያ ወጣት የነገረኝ ዓይነት ጉዳይ ሲመጣ ነው። አንዱ አደጋ በአንድ ጊዜ መከራም ጥፋትም ነውና።

ቆይቼ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ሚዛኑ በተናጋሪው ይለያያል። እናቲቱ «ልጄ፣ ቀኑ ነው» ሲሉት ትልቅ ሰደቃ ሰጡት። የእሳቸው መከራ ነውና ይህን ማለት መብታቸው ነው፤ ከአላህ ዘንድ የሚጠብቁትም ምንዳ አለ። እሱ ግን ያንኑ ቃል ተውሶ ለእሳቸው «እማማ፣ ቀኑ ነው» ቢላቸው ቃሉ በአፉ ውስጥ ይለወጣል። ማጽናኛ የነበረው ማምለጫ ይሆናል። «ቀኑ ነው» የሚለው ቃል ከተጎዳው ወደ ጎጂው ሲሄድ ምሕረት ነው፤ ከጎጂው ወደ ተጎዳው ሲሄድ በደል ላይ በደል ነው።

እኛ ለቀስተኞችስ? ለተዕዚያ ስንሄድ ለቤተሰቡ እንላለን፤ ተገቢ ነው። ግን ከድንኳኑ ወጥተን፣ ፍሬን የሌለው መኪና ላይ ሰው የሚያሳፍረውን እያየን፣ ሦስት ሰው የጫነ ሞተር በፊታችን ሲያልፍ እያየን፣ ነገ ሌላ ጀናዛ ሲመጣ «ቀኑ ነው» ለማለት ከተዘጋጀን፣ ያ ዒማን አይደለም። ስንፍና ነው፤ የዒማን ልብስ የለበሰ ስንፍና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አጀል በሀብታም አገርም በድሃ አገርም ያው አጀል ነው። ልዩነቱ ግመሉን በማሰሩ ላይ ነው።

እኔስ?

አሁን የሚከብደኝን ክፍል ልጻፍ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዛሪማ ደርስ ነበረኝ። ከመግሪብ በፊት ለመድረስ ቸኩዬ ሊማሊሞን በሞተር ወረድኩ። አንድ ኩርባ ላይ፣ ቀኜ ጠጠር ስለበዛበት፣ ግራውን ቆርጬ ገባሁ። ጥሩምባ አልነፋሁም። ማንም አልነበረም። ከኩርባው አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ሁለት አህያ የሚነዱ ሽማግሌ በዚያው በግራው ጠርዝ ሲወጡ አገኘኋቸው። እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝ፤ እኔም ሰላም ብዬ አለፍኩ። ያን ማታ ያስተማርኩት ስለ አማና ነበር። ደህና አስተማርክ ተባልኩ፤ ራቴን በልቼ ተኛሁ።

ወጣቱ ታሪኩን ሲነግረኝ እነዚያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። እኔ የሠራሁትና እሱ የሠራው በምን ይለያል? በጥቂት ሰከንድ። እሳቸው ትንሽ ፈጥነው ቢሆን፣ ወይም እኔ ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን፣ ዛሬ እኔ ነበርኩ ከሌላ ኡስታዝ ፊት የምቀመጠው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩት ትዝ አለኝ። በ1976 እ.ኤ.አ. በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የሚባሉ ሁለት ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ላይ ጽፈው ነበር። ኔግል ፍሬኑን ሳያስመረምር ስለሚነዳ አሽከርካሪ ያነሣል። ልጅ መንገድ ላይ ከገባበት ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲወቅስ ይኖራል፤ ካልገባበት ግን ቸልተኝነቱ ያው ሆኖ ሳለ ትዝም አይለው። ዊሊያምስ ደግሞ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ልጅ የገጨ አሽከርካሪን ያነሣል። ጥፋተኛ አይደለህም እንለዋለን፤ ልክ ነን። ነገር ግን ሰውየው ወዲያው «አዎ፣ ልክ ናችሁ» ብሎ ቢነሣና ቢሄድ እንታዘበዋለን። እነሱ ጥያቄውን አንሥተው ከባድ ነው ብለው ትተውታል። እኔም በፈተና መልሼ ረስቼው ነበር።

ወደ ፊቅህ ስመለስ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዑለማዎቻችን ሁለት መዝገብ ለይተው ነው የያዙት። አንዱ የወንጀል፣ ማለትም በአላህ ዘንድ የሚያስጠይቀው፣ መዝገብ ነው። ይህ የሚመዘነው በልብህና በእጅህ በነበረው ነው፤ ኒያህ፣ ጥንቃቄህ፣ ቸልታህ። ሌላው የኃላፊነት መዝገብ ነው። ይህ የሚመዘነው በሆነው ነገር ነው፤ የጠፋ ሕይወት፣ የወደመ ንብረት። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ በስሕተት ለተገደለ ሰው ዲያና ከፋራ የተደነገገው ለዚህ ነው። ያለ ሐሳብ የጠፋ ነፍስም ነፍስ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ እንዲሁ አይታለፍም።

ይህ ሁለት መዝገብ የኔንም የእሱንም ጥያቄ ይመልሳል። በመጀመሪያው መዝገብ እኔና እሱ እኩል ነን። የሰውን ነፍስ በቸልታ ለአደጋ አጋልጠናል፤ ሁለታችንም ተውባ አለብን። ሽማግሌው በደህና ማለፋቸው ለእኔ የአላህ ሲትር ነው እንጂ የንጽሕና ምስክር አይደለም። በሁለተኛው መዝገብ ግን እንለያያለን። በእሱ እጅ አንድ ሰው ጠፍቷል፤ በእኔ እጅ አልጠፋም። ስለዚህ እሱ ላይ ያለው ከፋራ ከእኔ የከፋ ሰው ስለሆነ አይደለም። የሞተው ጓደኛው ውድ ስለነበር ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስንቶቻችን ነን «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም» ብለን ያለፍነው? ምስጋናው ተገቢ ነው። ግን ከምስጋናው ጋር ኢስቲግፋር ነበረበት።

ሕጉ ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. (1414 ሂጅራ) በብሩናይ ባደረገው 8ኛ ጉባኤ ስለ ትራፊክ አደጋ ውሳኔ አሳልፏል። ሸሪዓን የማይጻረር የትራፊክ ደንብ ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ ነው ብሏል። አሽከርካሪ በሌላ ሰው አካልም ሆነ ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጥፋቱና ጉዳቱ ከተረጋገጠ፣ ተጠያቂ ነው። ከዚህ የሚወጡት ሦስት ሁኔታዎች ናቸው፤ ሊመልሰውና ሊጠነቀቀው ከማይችለው ኃይል የመጣ ከሆነ፣ ጉዳቱን በዋናነት ያመጣው የተጎጂው የራሱ ድርጊት ከሆነ፣ ወይም የሌላ ሦስተኛ ሰው ጥፋት ከሆነ። ቀደምት ፉቀሃዎችም በመንገድ ማለፍ መብት ቢሆንም ሰውን ባለመጉዳት የተገደበ መብት ነው ብለው አስቀምጠዋል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ባያጠፋም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል። ሕግ ያወጡት ሰዎችም ቢሆኑ የተረዱት አለ፤ «አላሰብኩም ነበር» ማለት የሟችን ቤተሰብ ባዶ እጅ ማስቀረት የለበትም።

የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ግን ይለያያል። በዚህ ጽሑፍ ፈትዋ እየሰጠሁ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ዝርዝሩን ይዞ ብቁ ዓሊም ዘንድ ይቅረብ። ይህን ወጣትም ያደረግኩት እንደዚያ ነው።

ጾሙ ለምን?

ዓሊሙ ከፋራው እንዳለበት ነገሩት፤ ሁለት ተከታታይ ወር። «በጋው ከብዶሃል፣ ዛሪማ ሙቀቷ ይታወቃል» አልኩት፤ ፈገግ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታ ነው።

ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። ያን ሁሉ ወር ሰው ሁሉ ያለው «ምንም አላጠፋህም» ነው። በደግነት የተባለ ነው። ግን ልቡ የሚያውቀውን እውነት ስለካደበት ብቻውን ትቶታል። ራሱ ደግሞ ለራሱ የሚለው «ነፍሰ ገዳይ ነህ» ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በጥበቡ ለስሕተት ገዳይ ሦስተኛ መንገድ ሰጠው። አልገደልክም አላለውም፤ እንደ ነፍሰ ገዳይም አልቆጠረው። የሚሠራው ነገር ሰጠው። መጀመሪያ ያለው፣ መጨረሻ ያለው፣ የሚቆጠር ነገር። ማለቂያ የሌለውን ጸጸት ስልሳ ቀን አደረገለት። ሲያበቃ በሩ ተከፍቶ ያገኘዋል፤ ጾሙ ራሱ ተውባ ነውና።

«ሄልሜቱን ሰጥቼው ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ቃል ለሸይጧን በር እንደሚከፍት አስጠንቅቀዋል። ለእሱ ሰጥተኸው አንተ ብትሞት የእሱ ልብ እንዲሁ ይሰበር ነበር። ጥፋቱ ሄልሜቱን ማድረግህ አይደለም፤ ለሁለት ሰው ጉዞ አንድ ይዘህ መውጣትህ ነው። «ቢሆን ኖሮ»ን ትተህ «ከእንግዲህ» በል። የመጀመሪያው ያለፈውን ሳይመልስ ሰው ይበላል፤ ሁለተኛው የወደፊቱን ሰው ያተርፋል።

ከዚያ ሽማግሌዎች ይዘን እናቲቱ ቤት ሄድን። ስለ ሄልሜቱ ራሱ ነገራቸው። ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር፤ ከመካከላችን የተነፈሰ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ «ይህን ሳትነግረኝም ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ግን ለማን ይቅር እንዳልኩ ዐወቅሁ» አሉት። ዲያውንም ለአላህ ብለው ተዉለት። ያኔ እሱም አለቀሰ። ምሕረት ሙሉ የሚሆነው እውነቱ ከተነገረ በኋላ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

ከእንግዲህ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። ስለዚህ ሞተር የምትነዱ ወንድሞች፣ ከእኔም ከእሱም ጥፋት የተቀዳ ይህን ያዙልኝ።

ፍጥነታችሁን ከኩርባው በፊት ቀንሱ፤ ከሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም በምትችሉበት ልክ ብቻ ሂዱ። በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 11 ሜትር ሄዷል። ቀኛችሁን አትልቀቁ፤ ረጅም መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ መንገዱን ሁሉ እንደሚጠቀም አስቡ። የማይታይ ኩርባ ላይ ጥሩምባ ንፉ። በፎሌ አትውረዱ። ጎማና ፍሬን ሳታዩ አትነሡ።

ሄልሜት ሁለት ይኑራችሁ። ማሰሪያውም ይታሰር፤ ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው በፊት ይወድቃል። በጥናት እንደተረጋገጠው ሄልሜት አደጋ በደረሰበት ሞተረኛ ላይ የሞትን ዕድል በ40 በመቶ ገደማ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክንድ ላይ አንጠልጥሎ የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ የሚያደርግ ሰው ግመሉን ያሰረው ለፖሊሱ ነው።

አደጋ ደርሶ ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ከኩርባው ወዲያና ወዲህ ሰው አቁሙ፤ ሁለተኛ አደጋ እንዳይመጣ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ ተጎጂውን በእጅና በእግር አንጠልጥላችሁ አታንሡ፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ያ ማንሣት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። መተንፈስ እስካልከለከለው ድረስ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ። የወረዳችሁን የአምቡላንስ ስልክ ዛሬውኑ መዝግባችሁ ያዙ። አንዲት ነፍስ ማዳን የሰውን ዘር ሁሉ እንደማዳን የሚቆጠርበት ዲን ተከታዮች ነን።

ስትነሡም የጉዞውን ዱዓ አትርሱ። በዱዓው ይህን መጓጓዣ የገራልን አላህ እንደሆነ፣ በራሳችን ኃይል እንደማንችለው እናስታውሳለን፤ ከዚያ ወደ ጌታችን ተመላሾች መሆናችንን እናክልበታለን። ሰው ገና ሲፈናጠጥ ሞቱን አስታውሶ ይነሣል ማለት ነው። ሞቱን ያስታወሰ ሰው ደግሞ የሌላውን ሰው መስመር ይዞ ኩርባ አይገባም።

ያ ወጣት ጾሙን ጨርሷል። ዛሬም ሞተር ይነዳል፤ እንጀራው ነው። ባለፈው ዛሪማ አገኘሁትና «አድርሰኝ» አልኩት። ከኋላው ወንበር ላይ የታሰረ ሁለተኛ ሄልሜት ነበር። ፈትቶ ሰጠኝ። ልነሣ ስል «ቆይ ኡስታዝ» ብሎ ማሰሪያውን አገጬ ሥር ራሱ አሰረልኝ፤ ከዚያ ዱዓውን አደረግንና ተነሣን።

አላህ ሆይ! በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በደህና ወደ ቤታቸው መልስ። የሞቱብንን እዘንላቸው፤ የተጎዱትን አሽርልን። ባለማወቅም በቸልታም ሰው ለጎዳን ሁሉ እውነቱን የምንናገርበት ድፍረት፣ የምንካስበት አቅም ስጠን። ሳናውቀው ያለፍንባቸውን ኩርባዎችም ይቅር በለን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።